ንባብ የከበደው ልጅና እጩ መምህሩ
ኮሌጆቻችን ምን ያሠለጥናሉ? ምንስ ያጎድላሉ?

እ.ኤ.አ. በ2010 በስምንት ክልሎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ውጤት የትምህርት ዘርፉን አስደንግጦ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ለክፍላቸው ከተመጠነ አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። 48 በመቶው ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት ጥያቄዎች አንዱንም አልመለሱም። በሦስተኛ ክፍልም ቢሆን ከአምስት ልጆች አንዱ ቃል ሳያነብ ቀርቷል። ምዘናው የተሰጠው አማርኛን ጨምሮ ልጆቹ በሚማሩባቸው ስድስት ቋንቋዎች ስለነበር «በባዕድ ቋንቋ ተፈትነው ነው» ማለትም አልተቻለም። የዓለም ባንክ በኋላ ባወጣው ግምት ደግሞ በአሥር ዓመት ዕድሜያቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው የማይረዱ ኢትዮጵያውያን ልጆች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህል ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት እንደገና ተዘጋጅተዋል፤ የመምህር መምሪያዎች ተጽፈዋል፤ በሥራ ላይ ያሉ መምህራን ተሰባስበው ሠልጥነዋል። እምብዛም ያልተነካው ሌላ ጥያቄ ነው። ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተመርቆ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ክፍል የሚመደበው ወጣት፣ ከፊቱ ካሉት ልጆች ሲሶው ማንበብ እንዳቃታቸው ሲያይ ምን ያደርጋል? ለዚህ ያዘጋጀውስ ማን ነው? ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን ከፊደሉ ጠባይ፣ ከኮሌጆቻችን ታሪክ፣ ከነባሩ የንባብ ቤትና ከሌሎች አገሮች ልምድ አንጻር ይመለከተዋል።

ልጁ የተያዘው የት ላይ ነው?

«አያነብም» የሚለው ፍርድ በትምህርት ቤቶቻችን በቀላሉ ይሰጣል። ተማሪው ፈጣን፣ መካከለኛና ዘገምተኛ ተብሎ ይመደባል፤ ዘገምተኛ የተባለው ለምን እንደዘገየ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡትና ዛሬም ለዘርፉ መነሻ የሆነው ሐሳብ እንደሚለው፣ አንብቦ መረዳት የሁለት ችሎታዎች ብዜት ነው። አንደኛው ከፊደሉ ቃሉን ማውጣት ነው፤ ሁለተኛው ቃሉ የሚነገርበትን ቋንቋ መረዳት። አንዱ ዜሮ ከሆነ ብዜቱም ዜሮ ነው። ፊደሉ የጠፋበት ልጅና ፊደሉን አውቆ ቋንቋው የጠፋበት ልጅ በፈተና እኩል ዜሮ ሊያመጡ ይችላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ትምህርት ግን ለየቅል ነው።

በአማርኛ ይህ ልዩነት የራሱ መልክ አለው። 33ቱ ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሲረቡ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲታከሉ ደግሞ ቁጥሩ ከዚያም ያልፋል። የመጀመሪያው መሰናክል እዚሁ ነው። ልጁ ፊደል ገበታውን እንደ ዜማ ከዳር እስከ ዳር ይወርደዋል፤ «ሪ» ብቻዋን ስትጻፍለት ግን ከ«ረ» ተነሥቶ ካልቆጠረ አይደርስባትም። የያዘው ቅደም ተከተሉን ነው፤ ቅርጹን ገና አላወቀውም።

ቀጥሎ የሆሄያቱ ጠባይ ይመጣል። ካዕብ፣ ሣልስና ኃምስ ምልክታቸው በአብዛኛው ወጥ ስለሆነ አንዱን የተረዳ ልጅ ሌላውን ሊገምት ይችላል። ሳድስና ሳብዕ ግን ከፊደል ፊደል ይለዋወጣሉ፤ «ል»ን ያወቀ ልጅ ከእሷ ተነሥቶ «ን»ን ወይም «ር»ን ሊደርስባት አይችልም። ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ደና ጀ ደግሞ በአንዲት ጭረት ብቻ ይለያያሉ። ሁሉንም ፊደላት በእኩል ጊዜና በእኩል ድግግሞሽ የሚያስተምር መምህር ቀላሉ ላይ ጊዜ አባክኖ ከባዱ ላይ ይቸኩላል።

ሦስተኛው መሰናክል ከዓይን ይልቅ የጆሮ ነው። «ትምህርት» የሚለውን ቃል እንውሰድ። አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። ስናነበው ግን የመጀመሪያው «ት» እና «ህ» አናባቢ ይዘው ይነገራሉ፤ የቀሩት ሦስቱ አናባቢያቸውን ይጥላሉ። የትኛው እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚጥል የሚያሳይ ምልክት በጽሑፉ ላይ የለም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ በትክክል ጠርቶ ቃሉን ግን ማውጣት ያቃተው ልጅ የተያዘው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ፊደል ገበታ እንደገና ማስቆጠር አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው ድምፆችን በጆሮው መለየትና ማጋጠም ነው።

መጥበቅና መላላትም በጽሑፍ አይታይም። «ገና» ጠብቆ በዓል ነው፤ ላልቶ ደግሞ ያልደረሰ ጊዜን ያመለክታል። ልጁ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ ትክክለኛ ንባብ ራሱ ትርጉም መከተልን ይጠይቃል። በዚያ ላይ የቃላቱ ርዝመት አለ። «ስላልመጣችላቸው» ለአዋቂ አንድ ቃል ነው፤ ለስምንት ዓመት ልጅ ግን ቆራርጦ መያዝን ካልተማረ በቀር መሐል ላይ የሚጠፋበት ረጅም መንገድ ነው።

ከፊደሉ ውጭ ያሉት ምክንያቶችም ብዙ ናቸው። አዲስ አበባን በመሳሰሉ ከተሞች ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ልጅ አማርኛውን አጥርቶ ሊያነብ፣ ያነበበውን ግን ላይረዳ ይችላል። ዓይኑ የደከመ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ፣ በእረኝነት ወይም በአጨዳ ወቅት ከትምህርት የሚቀር አለ። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለወራት ሲዘጉ፣ በኋላም ጦርነት በነበረባቸው አካባቢዎች ብዙዎቹ ሲወድሙ ፊደል የሚቆጠርበት ዕድሜ ያለ መምህር ያለፈባቸው ልጆች አሉ። ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ እክል ያለባቸውም በየትኛውም ኅብረተሰብ ይገኛሉ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ዓይነት ማጠናከሪያ ትምህርት ለማዳን መሞከር ትኩሳት ያለበትን ሁሉ በአንድ ኪኒን እንደ ማከም ነው።

መዘግየቱ ደግሞ ባለበት አይቆምም። ኪት ስታኖቪች እ.ኤ.አ. በ1986 ከማቴዎስ ወንጌል ስም ተውሰው ባስተዋወቁት ሐሳብ መሠረት፣ ቀድሞ ማንበብ የጀመረ ልጅ በማንበቡ ብዛት ቃላት ይጨምራል፣ የበለጠም ያነባል፤ የዘገየው ደግሞ ስለማያነብ ይበልጥ ይርቃል። በ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) የትምህርት ፖሊሲ ሥር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጆች በተከታታይ ምዘና እየታዩ ያለ መውደቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ሐሳቡ ልጁን ከማዋረድ የሚያድን መልካም ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ሥርዓቱ የቆመው መምህሩ ልጁ የተያዘበትን አይቶ በዚያው ዓመት ይረዳዋል በሚል እምነት ላይ ነው። ያ ክህሎት በሌለበት ዝውውሩ ችግሩን ወደ አራተኛ ክፍል ከማሻገር በቀር የሚፈይደው የለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

የምስክር ወረቀቱ ሲያድግ

በአገራችን ዘመናዊው የመምህራን ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1944 አዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ተጀመረ። ለብዙ ዓመታት የመጀመሪያ ደረጃ መምህር የሚወጣው ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም በሰርተፍኬት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ለውጥ ሁለት ትልልቅ ነገሮችን አመጣ። አንደኛው ተማሪን ያማከለ የማስተማር ዘዴ ሲሆን ሁለተኛው እጩ መምህራን ከኮሌጅ ወጥተው ትምህርት ቤት የሚውሉበት ፕራክቲከም ነው። በኋላም ሥልጠናው በ10+3 ወደ ዲፕሎማ አደገ፤ ለመጀመሪያው ሳይክል ብዙ የትምህርት ዓይነቶችን በሚያጣምር ክላስተር፣ ለሁለተኛው በአንድ የትምህርት ዓይነት በሚያተኩር ሊኒየር ተከፈለ። ከ2018ቱ (እ.ኤ.አ.) የትምህርት ፍኖተ ካርታ ወዲህ ደግሞ አቅጣጫው ወደ ዲግሪ ነው።

ስለዚህ የወረቀቱ ደረጃ ያለማቋረጥ አድጓል። ለንባብ የተሰጠው ቦታ ግን በዚያው ልክ አላደገም። በክላስተር የሚሠለጥን እጩ መምህር ሒሳቡንም፣ አካባቢ ሳይንሱንም፣ ሥነ ውበቱንም ማስተማር ስላለበት ሰዓቱ የተሸነሸነ ነው። ቋንቋ ሲማር ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው የቋንቋውን ሰዋስው፣ ሥነ ድምፁንና ሥነ ጽሑፉን ነው። ይህ ዕውቀት አስፈላጊ ነው፤ «ትምህርት» በሚለው ቃል ውስጥ ያለውን የሳድስ ጠባይ የማያውቅ መምህር ልጁን ሊረዳው አይችልምና። ሆኖም ማወቁ ብቻ አይበቃም። ሉዊዛ ሞትስ የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 የንባብ መምህራን የገዛ ቋንቋቸውን የድምፅና የጽሕፈት አወቃቀር በበቂ እንደማያውቁ አሳይተዋል። የእኛ ችግር ግማሹ ይህ ነው፤ ሌላው ግማሽ ዕውቀቱን ወደ አንድ ልጅ ጣትና ጆሮ የማውረዱ ልምምድ አለመኖሩ ነው።

ፕራክቲከም ይህን ክፍተት ይሞላል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በተግባር እጩ መምህሩ በመጀመሪያ ይታዘባል፤ ቀጥሎ ያግዛል፤ በመጨረሻ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስተምራል። የኮሌጅ መምህሩ መጥቶ በቼክ ሊስት ሲመዝነው የሚያተኩረው ብዙ ጊዜ በትምህርት ዕቅዱ፣ በጥቁር ሰሌዳ አጠቃቀሙ፣ በድምፁና በጊዜ አጠቃቀሙ ላይ ነው። የሚመዘነው እጩው ነው፤ ያስተማረው ልጅ ምን ማንበብ እንደቻለ የሚጠይቅ መስመር ብርቅ ነው። በዚህ ላይ ብዙዎቹ የኮሌጅ መምህራን ራሳቸው በሁለተኛ ደረጃ ወይም በኮሌጅ ያስተማሩ እንጂ አንደኛ ክፍል ገብተው ፊደል ያስቆጠሩ አይደሉም። ያላደረጉትን ለማሳየት ቢቸገሩ አያስደንቅም።

ልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ራሱን የቻለ ኮርስ ሆኖ መግባቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ትኩረቱ ግን በአብዛኛው በማየት፣ በመስማትና በአካል ጉዳት ላይ ስለሆነ፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ንባብ የከበደው ልጅ በሁለት ኮርሶች መካከል ይወድቃል። የቋንቋው ኮርስ የልዩ ፍላጎት ጉዳይ ነው ይለዋል፤ የልዩ ፍላጎቱ ደግሞ የቋንቋ።

የኔታ ምን ያውቁ ነበር?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ነባሩን የንባብ ቤት መዝለል አይገባም። ልጁ ፊደል ቆጥሮ ሲጨርስ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል። አቡጊዳ ያንኑ ፊደል «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ ቅደም ተከተሉን አፍርሶ ያቀርበዋል። በዜማ የሸመደደውን ልጅ ቅርጹን ለይቶ ካወቀው የሚለይ ምዘና እንዲህ ከገበታው ጋር አብሮ ተሠርቷል። ከዚያም ልጁ ፊደል በፊደል ከመቁጠር ተነሥቶ በግዕዝና በውርድ ንባብ አልፎ ቁም ንባብ ይደርሳል፤ አንዱን ደረጃ ሳያጣራ ወደ ሚቀጥለው አይሄድም። ከሁሉ በላይ እያንዳንዱ ልጅ ፊት ቀርቦ ለብቻው ያነባል፤ የኔታ ካልተመቻቸው ቀድሞ ያወቀው ልጅ ታናሹን ያስቀጽላል።

ይህን ስል ነባሩን ሥርዓት እንዳለ እንመልስ ማለቴ አይደለም። አለንጋው ነበር፤ ልጁ የማያውቀውን ግዕዝ ያለ ትርጉም ዓመታት ያነብ ነበር፤ ብዙ ልጆች፣ በተለይ ሴቶች፣ ከደጃፉ አልደረሱም። ከጎፍና ከተንመር ብዜት አንጻር ሲታይ የመጀመሪያውን አጥብቆ ሁለተኛውን የዘነጋ ትምህርት ነው። የዘመናዊው ትምህርት ቤት ጉድለት ደግሞ ሌላ ነው፤ ሃምሳና ስድሳ ልጅ በኅብረት ሲያስጮህ የአንዱን ልጅ ንባብ ለብቻው የሚሰማበትን ሰዓት ከዕቅዱ አወጣ። ለእጩ መምህራን ሥልጠና ከንባብ ቤት የሚወሰደው ትልቁ ትምህርት ይኸው ልጁን ለብቻው የመስማት ልማድ ነው።

ሌሎች የሄዱበት መንገድ

ኒውዚላንዳዊቷ ማሪ ክሌይ ልጅ ሲያነብ መምህሩ ከጎኑ ተቀምጦ የሳተውን፣ የዘለለውን፣ ራሱ ያረመውን በወረቀት ላይ እየመዘገበ የሚከታተልበትን ዘዴ አስፋፍተዋል። ዘዴው እርሳስና ወረቀት ብቻ ይፈልጋል፤ ከስሕተቱ ብዛት ይልቅ የስሕተቱን ዓይነት ማየትን ያስተምራል። ክሌይ የመሠረቱት ንባብን የማቋቋም መርሐ ግብር ራሱ ኋላ ላይ በፊደልና በድምፅ ትምህርት አነስተኛነት ተተችቷል፤ ተቀምጦ የመስማቱና የመመዝገቡ ልማድ ግን ጥቅሙ አልቀረም።

ሕንድ ውስጥ ፕራታም የተባለው ድርጅት በሩክሚኒ ባነርጂና በባልደረቦቻቸው መሪነት ያስፋፋው ዘዴ ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በደረሱበት ደረጃ ይመድባል። መለኪያው አንድ ገጽ ነው፤ ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽ፣ ታሪክ። እያንዳንዱ ልጅ በጥቂት ደቂቃ ይለካል፤ በቀን ለተወሰነ ሰዓት የሦስተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆች ፊደል ላይ ከሆኑ አብረው ፊደል ይማራሉ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በቱሶሜ መርሐ ግብር ሌላ መንገድ ይዛለች። ለእያንዳንዱ ልጅ መጽሐፍ፣ ለመምህሩ ዕለት በዕለት የሚመራው መምሪያ፣ ለአካባቢው ደግሞ ታብሌት ይዞ ክፍል እየገባ ልጆችን የሚያስነብብ አማካሪ መድባለች። የመምሪያው ጥንካሬ ደካማ ሥልጠና ያለውን መምህርም ማቆሙ ነው። ድክመቱ ደግሞ ክፍሉ ሲቀጥል ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ አለመጠበቁ ነው።

በቅድመ ሥራ ሥልጠና ላይ በቀጥታ የሠራችው የአሜሪካዋ ሚሲሲፒ ግዛት ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 የንባብ ሕጓን አወጣች፤ ከ2016 ጀምሮም የአንደኛ ደረጃ እጩ መምህር ፈቃድ ለማግኘት የንባብ መሠረቶችን ፈተና እንዲያልፍ ጠየቀች። በድህነቷ የምትታወቀው ግዛት በአራተኛ ክፍል ንባብ ከፍ ማለቷ በዓለም ተነግሮላታል። ከዚያ ለእኛ የሚጠቅመው ፈተናው ኮሌጆቹ የሚያስተምሩትን እንዲለውጡ ማስገደዱ ነው።

ከአገራችንም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚሠራው ስፒድ ስኩል ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆችን የሦስት ክፍል ትምህርት በአሥር ወር አስተምሮ ወደ መደበኛው ይመልሳል። የሚያስተምሩት ከአካባቢው የተመለመሉ፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ወጣቶች ናቸው። ክፍሉ ሠላሳ ገደማ ልጅ ብቻ የሚይዝ መሆኑ ትልቅ ድጋፍ ነው። ሆኖም የረጅም ዓመት ዲፕሎማ ብቻውን ንባብን እንደማያመጣ፣ የታለመና በልምምድ የተደገፈ ሥልጠና ግን ሩቅ እንደሚያደርስ ያሳያል።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የክፍል ብዛት ነው፤ «ስድሳ ልጅ ይዤ አንዱን ለብቻው እንዴት ልስማ?» ይባላል። ሒሳቡ ግን የሚያስፈራ አይደለም። ለአንድ ልጅ ሦስት ደቂቃ ቢሰጥ ስድሳው በ180 ደቂቃ፣ ማለትም በአራት ክፍለ ጊዜ ተኩል ያልቃል። ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲያነቡ በቀን ስድስት ልጅ የሰማ መምህር በሁለት ሳምንት ሁሉንም ያዳርሳል። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን በሦስት ደቂቃ ውስጥ የሚሰማውን የሚያውቅ መምህር ነው፤ ያንን ጆሮ ደግሞ መጀመሪያ ከአንድ ልጅ ጋር ተቀምጦ ማሠልጠን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው «መጀመሪያ መጽሐፍ ይሟላ» የሚል ነው። እውነት አለው፤ የሚነበብ ሳይኖር ንባብ የለም። ነገር ግን መጻሕፍት ከታደሱም በኋላ የተደረጉት ተከታታይ ምዘናዎች ያሳዩት ውጤት ከቋንቋ ቋንቋ የተዘበራረቀ ነው። መጽሐፉ የመምህሩን ሥራ ያቀላል እንጂ አይተካውም።

ሦስተኛው ከባድ ነው፤ ወደ ኮሌጆቹ ከሚገቡት ወጣቶች ብዙዎቹ ሌላ ምርጫ ያጡ ናቸው፤ የመምህሩ ደመወዝም ጎበዙን አይስብም። ይህን ሥልጠና ብቻውን አይፈታውም። ሆኖም ከዚህ በፊት ማንንም ረድቶ የማያውቅ ወጣት በራሱ እጅ አንድ ልጅ ማንበብ ሲጀምር ማየቱ ከየትኛውም የሙያ ሥነ ምግባር ትምህርት ይልቅ በሥራው ሊያቆየው ይችላል።

ምን ይደረግ?

ከዳሰሳው የሚወጣው ሐሳብ አንድ ነው፤ ማንም እጩ መምህር ንባብ የከበደውን ልጅ ቢያንስ ለአንድ ሴሚስተር ሳያስተምር አይመረቅ። አፈጻጸሙ ይህን ይመስላል። እጩው በፕራክቲከም ጊዜው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ካሉት ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ይመደቡለት። በመጀመሪያ ልጆቹ የተያዙበትን ለይቶ ይጻፍ፤ ፊደል ነው፣ ማጋጠም ነው፣ ፍጥነት ነው ወይስ ቋንቋ? በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እያስተማረ ስሕተታቸውን ይመዝግብ፤ በየሳምንቱም ከኮሌጅ መምህሩና ከክፍሉ መምህር ጋር መዝገቡን ይመርምር። በመጨረሻ የሚታየው ዕቅዱ ብቻ ሳይሆን ልጆቹ የተጓዙት መንገድ ይሁን። ውጤቱ ልጁ ባለፈው ወይም በወደቀው ላይ ብቻ አይመሠረት፤ እጩው ስሕተቱን ምን ያህል እንደተረዳና ትምህርቱን እንዴት እንደለወጠ ይመዘን። በዓመት 300 እጩ የሚያሠለጥን ኮሌጅ በዚህ መንገድ በዙሪያው እስከ 900 ልጆችን ይደግፋል፤ ትምህርት ቤቶቹም እጩዎችን እንደ ሸክም አያዩም።

ይህ እንዲሳካ ሌሎች ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። የንባብ ኮርሱ ከውጭ በተቀዳ ዝርዝር ሳይሆን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛና በሌሎቹ ቋንቋዎች ልጆች በሚሠሯቸው እውነተኛ ስሕተቶች ይቃኝ፤ በላቲን የሚጻፍ ቋንቋ ችግሩ የሳድስ አይደለምና። የኮሌጅ መምህራን በየጊዜው አንደኛ ክፍል ገብተው ያስተምሩ። የመምህራን የሙያ ፈቃድ ምዘናም ልጅ አስነብቦ የተያዘበትን መለየትን የሚጠይቅ የተግባር ክፍል ይኑረው። ርእሳነ መምህራን በበኩላቸው አዲስ ምሩቁን ወይም የተቀጣውን መምህር አንደኛ ክፍል የመመደብ ልማዳቸውን ይተዉ።

ወቅቱም ይህንኑ ያስገድዳል። ባለፉት ዓመታት የሥራ ላይ የንባብ ሥልጠናው ጉልህ ክፍል በአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት በዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲ ገንዘብ ይካሄድ ነበር፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቷል። ኮሌጆቹ ግን በመንግሥት በጀት የሚሠሩ፣ በየዓመቱ መምህር የሚያስመርቁ ተቋሞቻችን ናቸው። በእነሱ ውስጥ የሚደረግ ለውጥ ረጂ ቢሄድም ይቀራል።

ትምህርት ሚኒስቴርም፣ የክልል ትምህርት ቢሮዎችም፣ የኮሌጅ ዲኖችም የሚጠበቅባቸው አዲስ ሕንፃ ወይም አዲስ ፖሊሲ አይደለም። ፕራክቲከሙ አለ፤ እጩዎቹ አሉ፤ ልጆቹም በየክፍሉ አሉ። የጎደለው ለምረቃ የሚጠየቅ አንድ ግዴታ ነው። ለሚቀጥለው ባች ይጨመር።